ውርጭ ያስተኛቸው ወጥመዶች

ሰው ተኝቷል ሲሉኝ አላምንም። አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ዛሬም ባሌ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገው ቀስ ብዬ እሄድና ጆሮዬን ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አልሞትኩም!» ብሎ ይገፋኛል። ይሳቅብኝ፣ ግድ የለኝም። እኔ በዚህ ነገር አንዴ ተቃጥያለሁ።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከአያቴ ከአባባ ኤልበርትና ከአክስቴ ከዞላ ጋር ረግረጉ ጫፍ ላይ ባለችው የእንጨት ቤት ነበር የምንኖረው። እናቴ ባልቲሞር ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ለገና ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትመለሳለች። በዚያ ገና ቀይ የጎማ ቦቲ አመጣችልኝ፤ ሶሉ ላይ ኮከብ የተቀረጸበት። እርጥብ አሸዋ ባየሁ ቁጥር ሮጬ ኮከብ እረግጥበታለሁ። ግቢው በሙሉ የእኔ ኮከብ ሆነ።

ከቤቱ ጀርባ አንድ እግሩ የተሰበረ የድሮ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነበረን። ጎረቤቶቻችን እንዲህ ባለው ገንዳ አሳማ ያጠጣሉ። የእኛ ውስጥ ግን የዝንብ ወጥመዶች ይኖሩ ነበር። ከእኔ ጣት የማይረዝሙ ተክሎች ናቸው፤ በየቅጠላቸው ጫፍ ላይ ቅንድብ የመሰለ ጥርስ ያለው ቀይ አፍ አላቸው። ዝንቧ ስትገባ ክድን ይላል፣ አለቀ። አባባ ከዘር ነው ያሳደጋቸው፤ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡም ነበሩባቸው።

«የዝናብ ውሃ ብቻ» ይለኛል ጣቱን እየቀሰረ። «የጉድጓድ ውሃ ካጠጣሻቸው ያልቃሉ።»

«ፍግስ?»

«ፍግ እንዳታሳያቸው! እነዚህ ድህነት ነው የሚስማማቸው። እንደኛ።» ይስቃል። «ጣትሽንም አትክተቺባቸው። አፍ መዝጋት ጉልበት ይጨርሳል፤ የአክስትሽ ብቻ ነው የማይደክመው።»

«ሰማሁህ!» ትላለች አክስቴ ከወጥ ቤት።

ብርዱ ሲገባ ግን ጨዋታው ይቀራል። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይጠቁራሉ፣ መሬት ላይ ይለጠፋሉ፣ አፎቹ ክፍት እንደሆኑ ይበሰብሳሉ። ጠዋት ውርጩ ነጭ አመድ ይነሰንስባቸዋል። እኔ ብርድ ልብስ ይዤ ልሸፍናቸው እሮጣለሁ፣ አባባ ይመልሰኛል።

«ቤት እናስገባቸው፣ አባባ።»

«ቤት ከገቡ አይተኙም። ያልተኛ ደግሞ አይከርምም። ብርዱ ይኑርባቸው። በጣም ሲጠና የጥድ ቅጠል እንጥልባቸዋለን፣ በቃ።»

«ሞተዋል እኮ!»

«አልሞቱም፣ ሎቪ። ተኝተው ነው።»

ይህችን ቃል ሲላት ክው አልኩ።

ምክንያቱም ባለፈው የካቲት እማማ ኮሪንን፣ ሴት አያቴን፣ ሳሎን ውስጥ በሳጥን አስተኝተዋት ነበር። መስታወቶቹን ሁሉ በአንሶላ ሸፈኑ። የግድግዳውን ሰዓት አቆሙት። ቤቱ ካምፎር ካምፎር ይሸታል። «አያትሽ ተኝታለች» አለችኝ አክስቴ ዞላ። «እስከ መቼ?» ስል አባባ አቀፈኝና «ጌታ እስኪቀሰቅሳት» አለኝ። እኔ ጌታ ጠዋት የሚመጣ መስሎኝ በረንዳ ላይ ስጠብቅ አደርኩ። በማግስቱ አባባ አካፋ ይዞ በላይዋ ላይ አፈር ሲጥልባት አየሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከቁርሴ እየቀነስኩ ሳህን ላይ አስቀመጥኩላት። አክስቴ ሳህኑን ታነሳና ታጥባለች፣ ያን ብቻ።

ስለዚህ «ተኝተው ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሞትን ሲደብቁ የሚሏት ናት።

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት አባባ ወጥመዶቹ በዱር የሚበቅሉበትን ሜዳ አሳየኝ። መሬቱን የያዘው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ጠባቂ አድርጎ የቀጠረው እሱን ነው። የአጥሩ በር ቁልፍ በጫማ ማሰሪያ ታስሮ በራችን ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ቅያሪ የለውም። በየሁለት ሦስት ዓመቱ በብርድ ወራት ሜዳውን በእሳት ያጸዳዋል፣ ቁጥቋጦው ወጥመዶቹን እንዳይውጣቸው። እኔም እሳቱን አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ልብስ የማይጠፋው የጥድ ጭስ ሽታ የዚያ ነው።

ሜዳው መሃል ደርሰን ተንበረከከ። ሣሩን ፈልፈል ሲያደርገው መሬቱን ሞልተውታል። በሺህ የሚቆጠሩ። ሁሉም ጠቁረዋል።

«አየሽ? ከዓለም ላይ ተወልደው ያደጉት እዚሁ እኛ አካባቢ ብቻ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄን ቦታ ለማንም አትናገሪም። ለፓስተሩም፣ ለአስተማሪሽም። ይሄ የተነካ ቀን አያትሽ አለቀለት፣ ገባሽ?»

ገብቶኛል አልኩ። የገባኝ ግን ሌላ ነበር። ሜዳው በሙሉ ሞቶበታል፣ እሱም እንዳይታወቅበት ፈርቷል ብዬ ነው የተረዳሁት።

በዚያው ሰሞን ጎመንና የበቆሎ ዳቦ እየበላን አክስቴ ድምፅዋን ቀንሳ ስታወራ ሰማሁ። እኔ ሳህኔ ላይ ያቀረቀርኩ መስዬ ጆሮዬን አሹያለሁ።

«ከወንዙ ማዶ ያለውን ሙልጭ አድርገው ወሰዱት። በጆንያ ነው አሉ የጫኑት።»

«ሰምቻለሁ።»

«የእኛው ሲነካ መጀመሪያ የሚጠሩት አንተን ነው፣ አባዬ። ቆፋሪ እንደነበርክ ያልሰማ የለም።»

«ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ዞላ። ርቦኝ ነበር።»

«እነሱ ዕድሜህን መች ይጠይቃሉ! ያቺ ደብተር የያዘች ሴትዮም አለች። ቤታችን ትንሽ ችግር ያየች ቀን ልጅቷን ይዛት ነው የምትሄደው።»

አባባ ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔን አየኝ። «ሎቪን ማንም አይወስዳትም» አለ።

ከሕፃናት ደኅንነት ቢሮ የምትላከዋን ያቺን ሴትዮ አውቃታለሁ። እማማ ከሞተች ወዲህ ሦስቴ መጥታለች፤ አልጋዬን ትነካለች፣ የዱቄት ጣሳውን ከፍታ ታያለች፣ ትጽፋለች። ቆፋሪ የሚለውንም አውቃለሁ፤ አካፋውን አይቻለሁ። አባባ ሌሎች ሰዎችንም እንደ እማማ ቀብሯል ማለት ነው አልኩ። በዚያ ሳምንት እጁ ሲነካኝ ሰውነቴ ይሰበሰብ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። በድሮ ጊዜ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ወጥመዶቹን ለነጋዴ እየቆፈረ ይሸጥ ነበር፤ አባባም ያንኑ ነው ያደረገው። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ተክል ከሜዳው አልነቀለም።

ሚስተር ራንዶልፍ የመጣው ማክሰኞ ቀን ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ጓሮ ስዞር አንድ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ነጭ ሰውዬ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። በቤቱ ማንም የለም። ከሩቅ የአባባ እሳት ጭስ ይታያል። ጫማው ጭቃ አልነካውም፤ በእኛ መንደር ያለ ጭቃ የሚሄድ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

«አንቺ ነሽ የምትንከባከቢያቸው፣ ሚሚ?» አለኝ።

«ከአባባ ጋር።»

አንዱን ጥቁር ቅጠል በጥፍሩ ቀና አደረገና ከንፈሩን መጠጠ። «እየሞቱ ነው እኮ።»

የሰው ልጅ አንዳንዴ እውነት ስለተነገረው ብቻ እንዴት እንደሚያለቅስ! ዝርግፍ አድርጌ አለቀስኩ። በቤታችን ያቺን ቃል አፍ አውጥቶ የተናገራት የለም። ሰውዬው የሚንት ከረሜላ ሰጠኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እኔ ዘንድ የመስታወት ቤት አለ፣ ሞቃት። አንዷን ስጪኝና ላሳይሽ።»

ሰጠሁት። ዓርብ ዕለት እዚያው ቦታ ቆሞ ጠበቀኝ። በትንሽ ማሰሮ የያዛት ተክል አረንጓዴ ሆናለች፣ አፏ ቀይ፣ ጥርሷ ቀጥ ያለ። በደስታ ዘለልኩ።

አሁን ነገሩ ይገባኛል። ያቺ የእኔዋ አልነበረችም። በመብራትና በሙቀት እንቅልፍ ከልክሎ ያቆያት ሌላ ተክል ናት፤ እንዲህ ያለችዋ አንዱን የብርድ ወቅት ታምርና በሚቀጥለው ትሞታለች። የእኔዋን የት እንደጣላት እግዜር ይወቅ። ያኔ ግን ከጌታ ቀጥሎ የሙታን ቀስቃሽ እሱ መሰለኝ። እማማን ቀድሜ ባሳየሁት ብዬ ቆጨኝ።

«ሌሎችም አሉ?» አላለኝም። ምንም አልጠየቀኝም። እኔው ነኝ በገዛ አፌ «ሜዳ ሙሉ አሉ» ያልኩት። ሰውዬው እኔን ሳይሆን የጥዱን ጫፍ ነበር የሚያየው።

«ሜዳ ሙሉ?»

«ሁሉም ጠቁረዋል። ግን ሚስጥር ነው።»

«እሱማ ሚስጥር ነው» አለ። «አያትሽንም እንዳትነግሪው። በጸደይ አረንጓዴ አድርገን መልሰን ስንተክላቸው ይደንግጥ። ደስ አይልሽም?»

በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ዓሣ ፋብሪካ ሽሪምፕ ልትልጥ ሥራ ገብታ፣ አባባም ቤተ ክርስቲያን ለዕድር ስብሰባ ሄዶ ሳለ ቁልፉን ከምስማሩ አወረድኩት። ቀዩን ቦቲዬን እንዳጠለቅኩ ወንበር ላይ ወጥቼ ነው። ሚስተር ራንዶልፍ ፒካፑ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይዞ ነበር። አንደኛው መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ጉልበቱ ላይ የታጠፉ ጆንያዎች አስቀምጧል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከፊት ከፊታቸው እየሮጥኩ «እዚህ ጋ! እዚህም ጋ!» ያልኩትም እኔ ነኝ። ቢላና የገበታ ሹካ አውጥተው ተንበረከኩ። ፈጣን ነበሩ። እኔ ከሜዳው ዳር ካለው ቦይ እርጥብ የድንጋይ ሽበት እያመጣሁ ጆንያው ውስጥ አነጥፍላቸዋለሁ፣ እንዳይበርዳቸው። አይ እኔ!

«በቃ፣ አሁን ቤትሽ ሂጂ» አለኝ ሚስተር ራንዶልፍ። ድምፁ ተለውጧል። ዞር ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት፤ ቀና አላለም። ቁልፉን ግን መልሶልኛል።

በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ «እሳቱን የምንገታበትን መስመር አይተን እንምጣ» አለኝ። የእሁድ ጫማዬን አውልቄ ቀዩን ቦቲ አጠለቅኩ። መኪናው ውስጥ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ አፌን በእጄ ከድኛለሁ። በሩን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ፍሬን ያዘ።

ሜዳው ጉድጓድ ብቻ ነበር። በእጅ የሚሞሉ ትንንሽ ጉድጓዶች፣ አንዱ ከሌላው የተጠጉ፣ ዓይን እስከሚደርስ። በየጉድጓዱ ሥር ጥቁር ውሃ አቅርሯል። ወፍ እንኳ አይሰማም። አባባ ባርኔጣውን አወለቀ። ለእማማ ኮሪን ሳጥን እንዳወለቀው።

ከዚያ መሬቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። ቀጥሎ እግሬን አየ፣ ቀጥሎ ፊቴን። እኔ ፈገግ አልኩለት።

«ማን ነው፣ ሎቪ?»

«ሚስጥር ነው። በጸደይ ይመጣሉ።»

አባባ ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ከበሩ በኩል የመኪና ድምፅ መጣ። ያኔ ነው ያበደው። በዚያ ትልቅ የሥራ ጫማው መሬቱን ይረግጥ ጀመር፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው፣ ወደ ቦይው፣ ከቦይው ተመልሶ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ያመዋል፤ ያለከልካል። ጭቃው እስከ ፊቱ ይፈናጠራል። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ጮኼ አለቀስኩ። መጥቶ ብድግ አደረገኝ፣ የሚገድለኝ መሰለኝ። መኪናው ውስጥ አስቀመጠኝና ቦቲዬን ከእግሬ ነቅሎ ከወንበሩ ሥር ወተፈው። እግሬን በካፖርቱ ጠቀለለው።

«እግርሽ በርዷል» አለኝ። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ። አንድ ቃል እንዳትናገሪ።»

የመጣው የዱር ጥበቃው ሰውዬ፣ ሚስተር ታልበርት ነበር። አንድ አዳኝ ጠዋት አይቶ ደውሎለታል። በመስኮቱ ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው፣ ኤልበርት?»

«እኔው ዘንድ።»

«ሌላ ቁልፍ?»

«የለም።»

«በሩ አልተሰበረም።» ሰውዬው ሜትሩን አውጥቶ መሬቱን ለካ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ለካ። «እነዚህ ሁሉ የአንተ ጫማ ናቸው። በየጉድጓዱ ዙሪያ ያንተ ብቻ ነው ያለው።»

«ኮቴው የኔ ነው» አለ አባባ።

«ድሮ የለመድከው አልተወህም ማለት ነው።»

አባባ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

ስድሳ ቀን እስራት ፈረዱበት። ከእስሩ ይልቅ የተጨመረበት ቅጣት ነው የጎዳው፤ ዕድሜ ልኩን ያንን መሬት እንዳይረግጥ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹ እኛ ስንገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ቀዩ ቦቲዬ ጠፋ፤ በኋላ ምድጃው አመድ ውስጥ የቀለጠ ጎማ አገኘሁና አክስቴ ዞላን «ክፉ!» ብዬ ጮህኩባት። ገላመጠችኝ እንጂ አልመታችኝም። ደብተር የያዘችው ሴትዮ መጣች፣ አልጋዬን ነካች፣ አክስቴን አነጋገረች፣ የምትጽፈው አጥታ ሄደች።

እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ሳይገባችሁ አይቀርም። እኔ ግን እናት እስክሆን ድረስ አልገባኝም። አንድ ቀን ልጄ ከዚያው ገንዳ ሥር እርጥብ አሸዋ ላይ ቆሞ የተወውን የትንሽ እግሩን አሻራ አየሁ፤ እንዲሁ ስመለከተው መሬት ቁጭ አልኩ። አባባ በቁጣ አላበደም። ኮከቦቼን እያጠፋ ነበር። ሽማግሌው የልጅ ልጁን ይዞ ሊሰርቅ ወጣ እንዳይሉና እንዳይወስዱኝ፣ በየኮከቤ ላይ የራሱን ጫማ እያተመ ነበር።

አባባ የተፈታው በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። በዚያ ጠዋት ገንዳው ጋ ስደርስ የጠቆረው መሃል ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። ገንዳው ሙሉ። አንዱ ጋ ሚጢጢ አፍ ተከድና ትታያለች። አክስቴ አባባን ከመኪና ስታወርደው ሮጬ ሄድኩ። ከስቷል፤ ሱሪው በገመድ ታስሯል።

«አባባ! ተነስተዋል! ማንም ሳያሞቃቸው ተነሱ!»

መጥቶ ገንዳው ዳር ተንበረከከ። በአውራ ጣቱ አፈሩን ገለጥ ሲያደርገው ከታች ነጭ ድቡልቡል ሥር ብቅ አለ፤ ደህና፣ ጠንካራ፣ እንደ ሽንኩርት ራስ።

«ይሄ ነው የሚተኛው» አለኝ። «ላይ ላዩ ይሞታል፣ ይሄ ይተኛል። ያኔ ይሄን ማሳየት ነበረብኝ።»

ነጩን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ከዚያ ጠየቅኩት።

«እማማስ?»

አክስቴ «ሎቪ!» አለች። አባባ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት።

«እማማሽ አልተኛችም» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። «ሞታለች። አትነሳም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ሞቷ በስሙ ሲጠራልኝ ገና ያኔ አለቀስኩላት። አባባም አለቀሰ። ጃኬቱ የጭስ ሽታ አልነበረውም፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ሚስተር ራንዶልፍም አይመጣም አይደል?» አልኩት።

«አይመጣም።»

«እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩለት።»

«ዝም በይ» አለኝና አፈሩን ነጩ ላይ መልሶ ደመደመው። «ኮቴው የኔ ነው።»